የኩልፎ ውኃና የሰፋሪው ጤና
(ለእርዳታ ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



የድርቅ ጉዳት በሚገመገምበት ጊዜ በቅድሚያ የሚቆጠረው የጎደለው እህል ነው። ስለ ውኃም የሚጠየቀው መብቃቱ እንጂ ንጽሕናው አይደለም። ይሁንና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወደ መጠለያ ከገቡት ወገኖች መካከል እህሉ ከደረሳቸው በኋላ በተቅማጥና በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ያለቁት ጥቂት አልነበሩም።

ኩልፎ ከጉጌ ተራሮች ተነሥቶ በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ጫሞ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ነው። ሰው ይታጠብበታል፤ ከብት ይጠጣበታል፤ ማሳ ይለማበታል። ለከተማዪቱ ስም የሆኑት ምንጮች ግን ከገደሉ ሥር ከመሬት ውስጥ የሚፈልቁ ናቸው። ሁለቱ በመልክ ቢመሳሰሉም ወንዙ ከላይ የሰፈረውን ሁሉ እድፍ ተሸክሞ ስለሚመጣ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም።

ወንዙ እጅግ አደገኛ የሚሆነው ሲጎድል ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። በድርቁ ወራት በየሜዳውና በየጥሻው የተከማቸው የሰውና የከብት ዓይነ ምድር በመጀመሪያው ዝናብ ተጠራርጎ ወደ ወንዙ ይገባል። ስለዚህ በጥር ወር በጠራ ቀን የተቀዳ ናሙና ስለ ሚያዝያ ጎርፍ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ምርመራውም ቢሆን ወሰን አለው። በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ መገኘቱ ዓይነ ምድር መግባቱን ያመለክታል፤ አለመገኘቱ ግን ፍጹም ዋስትና አይሆንም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋሲ ክሎሪንን ይቋቋማል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ከታደለ ውኃ የተነሣ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሕዝብ መታመሙ ይታወሳል።

አነስተኛ የሚመስል አደጋም ሲደጋገም ይከብዳል። አንድ ሰው ከሚጠጣው ውኃ በየቀኑ የመታመም ዕድሉ ከ1,000 አንድ ብቻ ቢሆን፣ በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመታመም ዕድሉ 30 ከመቶ ያህል ይደርሳል። በምግብ እጦት የደከመ ሕፃን ሲሆን ደግሞ አንዱ ሕመም ለሞት ሊያበቃው ይችላል።

ከምንጭ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውኃ በጀሪካኑ እድፍ ወይም እንስራው ውስጥ በሚነከረው ጣሳ ይበከላል። ናሙናው ከምንጩ ራስ ብቻ ሳይሆን ከሰፋሪው ጎጆም መወሰድ የሚኖርበት ስለዚህ ነው። ክሎሪን ሲጨመር ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቀሪ ሊገኝ ይገባል። የደፈረሰ ውኃ ግን ክሎሪኑን ስለሚበላው አስቀድሞ ማጥለልና ማጣራት ያስፈልጋል። ለጥራት ተብሎ መጠኑን መቀነስም አይበጅም፤ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ካልደረሰው እጁን የሚታጠብበት አያገኝም።

የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ሥራ ፈትቶ መጠበቅ አይገባም። ባለሙያው ዳርቻውን በእግሩ ወደ ላይ ተከትሎ የከብት መውረጃውን፣ የልብስ ማጠቢያውንና የመጸዳጃውን ሥፍራ ይመዝግብ። መጸዳጃ ከውኃው ቢያንስ 30 ሜትር መራቅና በስተቁልቁል መሆን አለበት። ውኃው በየትኛው ወር እንደሚደፈርስና ሕፃናት መቼ እንደሚታመሙ የሚያውቁት ግን ቀጂዎቹ እናቶች ናቸውና፣ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ለእነርሱ ቃል ቦታ ሊተው ይገባል።