ጀንበር ሳለ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«አባት ሳለ አጊጥ፤ ጀንበር ሳለ ሩጥ» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ብዙውን ጊዜ የምንተረጕመው፥ አባት በሕይወት ሳለ ልጁ ይልበስበት፥ ይማርበት፥ ይጠቀምበት በማለት ነው። እኔ ግን ዛሬ በሌላ ወገን ልመለከተው እወዳለሁ። አባት ሳለ ልጅ የሚያጌጥ ከሆነ፥ ልጅም ሳለ አባትና እናት ሊያጌጡ ይገባቸዋል። ጀንበሯ የምትጠልቀው በሁላችንም ላይ ነውና።

እኛ ሙታናችንን በማክበር የማንታማ ሕዝብ ነን። ሰው ሲሞት ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ወንበሩንና ድስቱን ያቀርባል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፤ ዘመድ ሥራውን ጥሎ ከሩቅ አገር ይደርሳል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓትም 3ኛው፥ 7ኛው፥ 12ኛው፥ 30ኛው፥ 40ኛውና 80ኛው ቀን፥ ከዚያም መንፈቁና ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ይህ ልማድ ኀዘንተኛን ብቻውን የማይተው ታላቅ ሀብት ስለሆነ ልነቅፈው አልተነሣሁም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በሞቱ ማግስት ይህን ያህል ሰው የሚሰበሰብለት ሽማግሌ፥ በሞቱ ዋዜማ ስንት ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነበር?

ለእኛ ለተማሪዎች ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ሌላ ልማድ አለ፤ ይኸውም ሕመምን መደበቅ ነው። ልጅ በሩቅ አገር ሲማር እናቱ ወይም አባቱ ቢታመም፥ «ትምህርቱ እንዳይሰናከልበት» ተብሎ አይነገረውም። አንድ ጓደኛችን፥ አባቱ ሦስት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ሲቆይ፥ በየሳምንቱ ስልክ ይደውል ነበር። መልሱ ግን ሁልጊዜ «ደኅና ነው፤ ገበያ ወጥቷል» ነበር። ፈተናው ባለቀ ማግስት በከተማው ያሉ ዘመዶቹ ቤታቸው ጠርተው አሳደሩት፤ ገና ሳይነጋም ሽማግሌዎች ገብተው መርዶውን ነገሩት። አባቱ ከተቀበረ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ጓደኛችን ፈተናውን አልፏል። ነገር ግን አስቀድሞ ምረጥ ተብሎ ቢሆን ኖሮ የቱን ይመርጥ እንደ ነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ዘመዶቹ ይህን ያደረጉት በክፋት ሳይሆን በፍቅር ነው። ስለዚህ ልማዱ እንዲለወጥ የምንሻ ከሆነ መጀመር ያለብን እኛው ነን። በዚህ ክረምት ወደየአገራችን ስንገባ፥ «ስትታመሙ ንገሩን፤ ፈተና ሌላ ጊዜ ይሰጣል» ብለን ቤተ ሰቦቻችንን ቃል እናስገባቸው።

ምናልባት «ስልክ አለ፤ በፈለግሁ ጊዜ እደውላለሁ» የሚል ይኖር ይሆናል። ስልክም ቢሆን ይዘጋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ የስልክ መስመር ተቋረጠ፤ ከዚያ የመጡ ብዙ ተማሪዎችም የወላጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ረጅም ጊዜ ኖሩ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወደ መቀሌ የሚደረገው የአውሮፕላን በረራ እንደገና ሲጀመር ሰዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይተናል። ከሄዱት ውስጥ የናፈቁትን ያገኙ አሉ፤ ያላገኙም አሉ።

ሌላው ደግሞ «የመሳፈሪያ ገንዘብ የለኝም» ይላል። እውነት ነው፤ አብዛኞቻችን የድኻ ልጆች ነን። ነገር ግን ያው ተማሪ ለለቅሶ ሲሆን ተበድሮም ቢሆን ይሄዳል፤ የመኝታ ቤት ጓደኞቹም ያዋጡለታል። እንግዲህ ለቀብር መሄጃ የምናዋጣ ከሆነ፥ የታመመ ወላጁን ሊጠይቅ ለሚሄድ ጓደኛችን ስለ ምን አናዋጣም? ማኅበራችን በዚህ ጉዳይ እንዲመክርበት አሳስባለሁ።

ፍቅርን ስለ መግለጥም ጥቂት ልናገር። ወላጆቻችን «እወድሃለሁ» ማለትን አልለመዱም። ነገር ግን «በላህ ወይ? ብርድ ልብሱ ይበቃሃል ወይ?» ሲሉ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። እኛም በዚያው ቋንቋ እንመልስላቸው። ገንዘብ ሲያልቅብን ብቻ አንደውል። «እማዬ፥ እግርሽን ተሻለሽ ወይ? ዝናቡስ እንዴት ሆነ? ላሟ ወለደች ወይ?» ብለን እንጠይቅ። የአያት የቅድመ አያታችንን ስም፥ እነርሱ ያሳለፉትን ክፉና ደግ ዘመን፥ እንዴት እንደ ተጋቡ ጠይቀን በደብተራችን እንጻፍ። ይህ ታሪክ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አይገኝም፤ የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንባችንን ማንም አይከለክለንም፤ ጊዜው ሲደርስ እናለቅሳለን። ዛሬ የምለምናችሁ፥ ለቅሶ ከመድረሳችን በፊት ለሰውዬው እንድንደርስለት ነው። ክረምቱ ቀርቧል፤ መንገዱም ክፍት ነው።