የእናት ኀዘንና የሕፃን አንጎል

(በደብረ ታቦር ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በጉና ተራራ ግርጌ ሕፃናትን እንመዝናለን፤ ክንዳቸውን እንለካለን፤ አልሚ ምግብም እናድላለን። እናቲቱን ግን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብለን የጠየቅናት ስንት ጊዜ ነው? አስቀድመን ራሳችንን እንወቅሳለን።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር በቀረበ ጊዜ ብዙ እናቶች ልጅ አዝለው ሸሹ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ኀዘኑ አብሯቸው ገባ።

ከወለደች በኋላ ለሳምንታት እንቅልፍ የነሣት፣ እህል ያስጠላት፣ ልጇን ለማጫወት አቅም ያጣች እናት ሰነፍ አይደለችም፤ እምነትም አልጎደላትም። ድባቴ የሚባል ሕመም ይዟታል።

የሕፃን አንጎል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እጅግ ፈጥኖ ያድጋል። ለዚህም ወተት ብቻ አይበቃውም፤ ፈገግ ሲል ፈገግታ፣ ድምፅ ሲያሰማ ምላሽ ይሻል። ኤድዋርድ ትሮኒክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት እናቶች ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ጭጭ እንዲያደርጉ ተደረገ። ሕፃናቱ እናታቸውን ለማነቃቃት ደጋግመው ሞከሩ፤ መልስ ሲያጡ ፊታቸውን አዞሩ። የደቂቃው ዝምታ የወራት ሲሆን የልጁን ንግግር፣ ስሜትና ትምህርት ሊጎዳ ይችላል። የማይቀር ዕጣ ግን አይደለም። አባት፣ አያት ወይም ታላቅ እኅት ልጁን ቢያጫውቱት ብዙ ይጠቅመዋል፤ እናቲቱም ትድናለች።

እ.ኤ.አ. በ2008 ከፓኪስታን ገጠር በታተመ ጥናት፣ ተራ የጤና ሠራተኞች በአጭር ሥልጠና ድባቴ የያዛቸውን እናቶች ቤት ለቤት እየሄዱ አነጋገሩ። ሕፃናቱ ስድስት ወር ሲሞላቸው ከእነዚህ እናቶች ከመቶ 23ቱ፣ እንደ ልማዱ ከተጎበኙት ግን ከመቶ 53ቱ ገና በድባቴ ውስጥ ነበሩ።

ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ ጌታ አልገሠጸውም፤ አስተኛው፤ እንጎቻና ውኃም ላከለት። እንግዲህ እኛም እንዲሁ እናድርግ። የአራስነቷ ወራት አልፎ ጠያቂ ሲቀርባት፣ ያን ጊዜ እንሂድ። ውኃ እንቅዳላት፤ ሕፃኑን ተቀብለን እናስተኛት፤ ሳንፈርድ እንስማት። አብረን እንጸልይ፤ ጸሎታችን ግን ጤና ጣቢያ ከመሄድ አያስቀራት። «ብሞት ይሻለኛል» ካለች ብቻዋን አንተዋት፤ በዚያው ዕለት እንውሰዳት።

ከእንግዲህ ሕፃኑን ከሚዛን ባወረድን ቁጥር የእናቱን ፊት እንይ። ጌታ ይርዳን።