የሚከራይ ቤት ከመግዛታችን በፊት



እኛ የደብረ ኤልያስ ሴቶች ከጤፉም ከዕቁቡም ቆጥበን ባጠራቀምናት ገንዘብ የሚከራይ ቤት ይኑረን ብለን ተነሥተናል። ሐሳቡ መልካም ነው። ብሩ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት ግን ምን እንደምንገዛ እንወቅ።

በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የምንገዛው ቤቱን ነው፤ በቦታው ላይ የሚኖረን የመጠቀም መብት ነው። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ የወሰነው ዘመን 99 ዓመት ነው። ከከተማው ዳር ያለ የእርሻ ማሳ «ርካሽ ነው» ተብሎ በሽማግሌ ፊት ቢፈረምልን ግን ሕጉ ሽያጭ አይለውም። ገንዘባችንም ቤታችንም አብረው ይሄዳሉ።

እንግዲህ አራት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ሄደን እናመሳክር፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፤ የሌላዋን ሴት መብት ረግጠን ቤት አንገዛም። ሦስተኛ፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 እንደሚያዝዘው ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይሁን። አራተኛ፣ ቤቱ በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፤ በገንዘብ ያዣችን ስም አይሁን።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ወረቀቱ እስኪሟላ ድረስ ብሩ ባንክ ይቆይ።