ምክራችን ከእናት ዘምቢል ይጀምር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በጠባብ ገቢ ሕፃናትን ስለ ማሳደግ አንድ ንግግር እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት እንደ ልማዳችን ስለ ገንቢ፣ ስለ ኃይል ሰጪና ስለ በሽታ ተከላካይ ምግቦች የሚያስረዳ ሰንጠረዥ ይዤ መቅረብ ነበር። ነገር ግን ሰንጠረዡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ እኔ ራሴ ያንኑ ሰንጠረዥ በእጄ ይዤ የፈጸምሁትን አንድ ስሕተት ብነግራችሁ ለሙያችን የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አመንሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ በሕፃናት እድገት መከታተያ ክፍል እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጧት አንዲት ወጣት እናት የአሥር ወር ሴት ልጇን አዝላ፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጇን በእጇ ይዛ መጣች። የሕፃኒቱ የክንድ ልኬት 12 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ያለው ልኬት መካከለኛ የምግብ እጥረት መኖሩን የሚያመለክት መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከውጭ የተሰለፉት እናቶች ብዙዎች ነበሩ፤ እኔም እየቸኰልሁ፣ «እንቁላል በየቀኑ ስጫት፤ ወተት አታጓድዪባት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሥጋ ወይም ጉበት አቅምሻት፤ ፍራፍሬም ጨምሪላት» አልኋት። እርስዋም አንገቷን ደፍታ፣ «እሺ ሲስተር» ብላ ሄደች።

በቀጠሮዋ ቀን አልመጣችም። በሚቀጥለውም ወር አልመጣችም። በሦስተኛው ወር ልጅቱ ተቅማጥ ይዟት ስትመጣ የክንዷ ልኬት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ወርዶ ነበር። ለምን እንደ ቀረች በጠየቅኋት ጊዜ የሰጠችኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ሲስተር፣ ያዘዙኝን አንዱንም መግዛት አልቻልሁም። ሳላደርገው ብመጣ የሚቆጡኝ መሰለኝ። አፍሬ ነው የቀረሁት» አለችኝ።

ልጅቱ በሕክምና ምግብ ታክማ ድናለች፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ያለ ክትትል የባከኑትን ወራት ያባከናቸው የእናቲቱ ቸልተኝነት አልነበረም፤ የእኔ ምክር ነበር። ምክሩ በመጽሐፍ ሲታይ ስሕተት አልነበረበትም። በእርስዋ ቤት ግን የሚያሳፍር እንጂ የሚረዳ አልሆነም። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቴ ገብቼ ለሁለት ልጆቼ ያቀረብሁት እንጀራ በሽሮ ነበር፤ በቤታችን እንቁላል ከተበላም ሳምንት አልፎት ነበር። የወር ደመወዝ እያለኝ ለራሴ ልጆች ያላሟላሁትን፣ ደመወዝ ለሌላት እናት ማዘዜን የተገነዘብሁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ፣ እናቲቱ ፈቅዳልኝ፣ ቤቷ ሄጄ ወጪዋን አብረን ተመለከትነው። ባሏ በግንባታ ሥራ የሚውል የቀን ሠራተኛ ነው፤ እርስዋም በሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ሥራ በተገኘበት ቀን ገንዘብ ይገባል፤ ባልተገኘበት ቀን የሰፈሩ ባለ ሱቅ በዱቤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከሁሉ በፊት የቤት ኪራይ ይከፈላል፤ ቀጥሎ ዱቤው ይቃለላል፤ ምግብ የሚገዛው በተረፈው ነው። ዋጋ አልጠቅስላችሁም፤ ይህ መጽሔት ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ይለወጣልና። ያስደነቀኝ ግን ዋጋው ብቻ ሳይሆን የአገዛዙ መንገድ ነው። ዘይቱ በትንሽ የውኃ ጠርሙስ፣ ሽንኩርቱ ከጉልት ጥቂት ራስ፣ ሽሮው ለአንድ ቀን የሚበቃ፣ ከሰሉ በትንሽ በትንሹ ይገዛል። በትንሽ በትንሹ የሚገዛ ሰው ደግሞ ለዚያው ዕቃ በጅምላ ከሚገዛው የበለጠ ይከፍላል። ገንዘብ ያነሰው ሰው አስወድዶ ይገዛል ማለት ነው። ይህች እናት ቤቷን በምታስተዳድርበት ዘዴ የሚተቻት አልነበረም፤ በኪሷ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ብር ከነሥራው ታውቀው ነበር። ያላወቅሁት እኔ ነበርሁ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ነገሩ የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው በአገራችን ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናትም ቍጥሩ የወረደው ወደ 37 በመቶ ብቻ ነው። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር ከሆኑት መካከል ደግሞ በ2016ቱ ጥናት በዓይነትም በድግግሞሽም የሚገባውን ዝቅተኛ አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ ግብ ጥሏል። ይህ ግብ የሚደረስበት ወይም የሚከሽፈው በጉልቱና በምድጃው ዙሪያ ነው።

ታዲያ በዚያ ትንሽ ዘምቢል ውስጥ ምን ሊደረግ ይችላል? እኔ ከእናቶች የተማርሁትንና ሙያችን የሚደግፈውን ጥቂት ነገር ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ምጥን። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ ወይም በቆሎ ለብቻው ሲበላ ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ደግሞ ይህን አሟልተው ይዘዋል። ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር ተቆልቶ፣ ተከክቶና ተፈጭቶ የሚሠራው የምጥን ገንፎ ስለዚህ ነው የሚያሳድገው። እንጀራን ከሽሮ ጋር ያጣመሩት አያቶቻችንም ይህን በልማድ ደርሰውበታል። ጕዳቱ ያለው በእንጀራ በሽሮው ሳይሆን፣ ለሕፃን ሲሰጥ በርበሬ የበዛበትና ቀጥኖ ውኃ የሆነ በመሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ውፍረት። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በቀጭን አጥሚት ሲሞላ ጠገበ እንጂ አልተመገበም። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። ሕፃኑ ለመዋጥ ቢቸገር ውኃ በመጨመር ፈንታ ብቅል አለ። እናቶቻችን ለጠላ የሚያውቁት ይኸው ብቅል፣ ከዱቄቱ አንድ የሻይ ማንኪያ በወፍራሙ ገንፎ ላይ ተጨምሮ እንደገና ሲፈላ፣ ስታርቹን ሰባብሮ ገንፎውን ያለ ተጨማሪ ውኃ ያለሰልሰዋል። ይህ የባልትና ዕውቀት በእያንዳንዱ ሰፈር ይገኛል፤ እኛ ግን በምክራችን ውስጥ አስገብተነው አናውቅም።

ሦስተኛ፣ የሕፃኑ የብቻ ሳሕን። በአንድ ትሪ ከታላላቆቹ ጋር የሚበላ የአንድ ዓመት ልጅ እኩል አይጎርስም፤ የአራት ዓመቱ ወንድሙ ሦስት ጊዜ ሲጎርስ እርሱ ገና አንዱን እያላመጠ ነው። ከቀረበው ላይ አስቀድሞ የእርሱን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። በብዙ ቤት ደግሞ ወፍራሙ ወጥ ለአባት ይወጣና ለልጆች ትራፊው ይደርሳል። ይህን ልማድ ለማንሳት የሚገባው ለእናቲቱ ብቻ አይደለም፤ አባትን በአክብሮት ጠርቶ ማነጋገር የእኛ ፋንታ ነው። ካነጋገርኋቸው አባቶች መካከል ምክንያቱን ሰምቶ እንቢ ያለኝ አላጋጠመኝም።

አራተኛ፣ ጾም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በዓመት ከ180 በላይ የጾም ቀናት አሉ። ሥርዓቱ ከሰባት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች አያስገድድም፤ ነገር ግን ብዙ እናቶች ድስቱና ዕቃው እንዳይነካካባቸው በመስጋት ለሕፃኑም እንቁላልና ወተት ይተዋሉ። ለዚህች እናት ስለ ፕሮቲን መስበክ ከንቱ ነው፤ የሚጠቅማት ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ እንድትለይ መንገር ነው። የንስሐ አባቷን እንድትጠይቅ ብናበረታታት ደግሞ ልቧ ያርፋል።

አምስተኛ፣ ጥንቃቄ። ችግር ሲጠና ርካሹ ሽሮ ይመረጣል፤ በርካሹ ሽሮ ውስጥም ጓያ ሊበዛ ይችላል። ጓያን ለወራት አብዝቶ የዘወትር ምግብ ማድረግ እግርን ሽባ የሚያደርግ የማይድን በሽታ እንደሚያመጣ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በብዙ ቤተ ሰብ ላይ ታይቷል። ስለዚህ «ጥራጥሬ ጨምሪ» ስንል የትኛውን እንደሆነ ለይተን መናገር ግዴታችን ነው። እንደዚሁም ልጅ ሲያለቅስ ለማባበል የሚገዛው ብስኩትና ስኳር የበዛበት ሻይ የሳምንቱ ሲደመር ጥቂት እንቁላል ሊገዛ እንደሚችል፣ ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረትን ማዕድን ወደ ሰውነት እንዳይገባ እንደሚቀንስ በለዘበ አንደበት ማስረዳት ይገባል። ለሁለት እንቁላል የምትበቃ ገንዘብ ያላት እናት በየቀኑ ማለት ባትችል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለትንሿ ብቻ መስጠቷ ከምንም ይሻላል።

በመጨረሻም፣ አብሮ መግዛት። ለበዓል ቅርጫ የሚገቡ ጎረቤቶች አንድ በሬ በአንድነት ገዝተው ይካፈላሉ። ይህንኑ ልማድ ወደ ጥራጥሬና ወደ እህል ማዛወር ይቻላል። በዚያች እናት ግቢ የሚኖሩ አራት ቤተ ሰቦች ከዕቁባቸው ጥቂት አዋጥተው ምስር፣ አተርና ስንዴ በአንድነት ገዙ፤ በአንድ ቀን ቆልተው ወፍጮ ቤት ወሰዱ፤ ምጥኑንም በጣሳ ተካፈሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ይህን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ያሰበችው ያቺው «አፍሬ ቀረሁ» ያለችኝ እናት ናት።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርሁ ንግግሬ ሐሰት ይሆናል። ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ ባዶ ዘምቢል አይሞላም። የቀን ሥራ ሲጠፋ ምጥኑም ይጠፋል። ቤት ኪራይ ሲጨምር የሚቀነሰው ከድስቱ ነው። ከውጭ የሚገባው የምግብ ዘይት በተወደደ ቍጥር ያቺ የትንሽ ጠርሙስ ዘይት የምትቆይበት ቀን ያጥራል። እናት ጾሟን አድራ ልጇን ብታበላም፣ ያልበላች እናት የቀን ሥራ ውላ ጡት ማጥባቷ ራሷን ይጎዳታል። ስለሆነም ሙያችን ድህነትን በምክር ሊሸፍን አይገባውም። በክፍላችን የምንመዘግበው የክንድ ልኬት የዋጋና የደመወዝም ልኬት ነው፤ ማኅበራችንም ስለ ሸማቾች ማኅበራት አቅርቦት፣ ስለ ሕፃናት ማቆያና ስለ ትምህርት ቤት ምገባ በሚደረገው ውይይት ሁሉ ይህን መዝገብ ይዞ መቅረብ ይገባዋል።

ለዕለት ሥራችን ግን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእንግዲህ ለማንኛዋም እናት «ይህን ስጪ» ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቃት። ትናንት በቤትሽ ምን ተበላ? የተገዛው በምን ያህል መጠንና ከየት ነው? ከዚያስ ውስጥ ለትንሹ ልጅ የደረሰው ምን ያህል ነው? መልሱን ከሰማን በኋላ አንድ ነገር ብቻ፣ እርስዋ ራሷ «ይህንስ እችላለሁ» የምትለውን፣ ተስማምተን እንለያይ። ስትመለስም ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን ደህና መጣሽ እንበላት፤ ያልተሳካላት እንደሆነ ምክሩን እንለውጥ እንጂ እናቲቱን አንውቀስ። ሦስቱን ጥያቄዎች ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ያን ቀን ያቻኰለኝ ይኸው ወረፋ ነበር። ሆኖም ያቆጠብሁት አምስት ደቂቃ ያቺን ሕፃን ወራት አስከፍሏታል።

ያቺ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች። እናቷ አንዳንድ ጊዜ በመንገድ ስታገኘኝ፣ «ሲስተር፣ ዛሬ ቤት ምን ተሠራ?» ብላ አስቀድማ እኔን ትጠይቀኛለች። ሁለታችንም ሽሮ እንደሆነ እናውቃለንና እንስቃለን።