የጎመን ቅጠልና የጎመን ዘር ፋጉሎ በከብት ሆድ ውስጥ



ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በቦረና ምድር አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ የተገኘውን ሁሉ ለከብት ከማቅረብ በቀር የመኖውን ዓይነት ለመምረጥ ፋታ አልነበረም። ፋታ ባለን ጊዜ ግን መጠየቅ አለብን። በተለይ ከነገሌ ገበያ የሚተርፈውን የጥቅል ጎመን ቅጠልና የጎመን ዘር ፋጉሎን በሚመለከት።

እናቶች ነገሩን ያውቁታል። ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነው ጎመን ዘር በደረቁ አይሸትም፤ ተወቅጦ ውኃ ሲነካው ግን አፍንጫ ይሰነፍጣል። በዘሩ ውስጥ ግሉኮሲኖሌት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ማይሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ለብቻው ተለይቶ ተቀምጧል። ዘሩ ሲደቅና ሲርስ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ የሚሰነፍጠው ነገር የሚፈጠረው ያኔ ነው። በቅጠሉም እንዲሁ ነው።

ላሟ ስታኝክ ይኸው ሥራ ይጀመራል። የፋጉሎው ኢንዛይም በሙቀት ሞቶ ቢሆን እንኳ በትልቁ ጨጓራ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ግሉኮሲኖሌቱን ይፈቱታል። ስለዚህ «ደረቅ ነው፣ አይሸትም» ብላችሁ አትተማመኑ። ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዱ የሆነው ታዮሲያኔት አዮዲን ወደ እንቅርት ዕጢና ወደ ወተት እንዳይገባ ያግዳል። ያረገዘች ፍየል አብዝታ ከበላች ግልገሏ አንገቱ አብጦ፣ ጠጉሩ ሳስቶ ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል።

ቅጠሉ ሌላም ጣጣ አለው። በውስጡ ድኝ ያለበት ሌላ ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ይህን የጨጓራው ተሕዋስያን ራሳቸው ቀይ የደም ሴልን ወደሚያፈርስ ነገር ይለውጡታል። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የዓይኗ ውስጠኛ ሽፋን ይገረጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል ወይም ይቀላል። የመዥገር በሽታም ሽንት ያቀላልና ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ሳምንታት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የበላችውን ሁሉ ንገሩት።

እንግዲህ ቅጠሉን ጣሉት አላልኩም፤ በበጋ እርጥብ መኖ ዋጋው ትልቅ ነው። የራበው ከብት ላይ ግን አታራግፉት። አስቀድማችሁ ሣር ወይም ገለባ አብሉት፤ ቅጠሉን ከትንሽ ጀምራችሁ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ጨምሩ፤ ከጠቅላላ መኖው ሲሶ አይለፍ። ለምትታለብ ላም ከታለበች በኋላ ስጧት፤ አለበለዚያ ወተቱ ጎመን ጎመን ይላል።

ፋጉሎ ስትገዙ ቆንጥራችሁ ለብ ባለ ውኃ አርሱትና ጥቂት ቆይታችሁ አሽትቱ። ከሰነፈጠ ጎመን ዘር አለበት። ካልሰነፈጠም ሙቀት ኢንዛይሙን ገድሎት ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ጠይቁ። ለጥጃና ላረገዘች እንስሳ የኑግ ፋጉሎ ይሻላል።

ከኤል ሶድ የሚመጣው ጥቁር ጨው ለከብት ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አዮዲን አልተጨመረበትምና ለሚያረግዙት ፍየሎችና ላሞች አዮዲን ያለበትን ጨው ለይታችሁ ያዙ።