ክትክታ፥ ቁስልና ጥንቃቄ



በሥራ ምክንያት ወደ አርባ ምንጭ የሄዳችሁ፥ ከከተማው ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ዳገት ስትወጡ አንድ ቁጥቋጦ ሳታዩ አትቀሩም። ቅጠሉ በሙጫ ያብለጨልጫል፤ ፍሬውም እንደ ክንፍ የሳሳ ነው። ይህ ተክል ክትክታ ይባላል።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር፥ ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። ክትክታ ከቆላው አንሥቶ እስከ ደጋው አፋፍ ድረስ፥ አፈሩ ሳስቶ ድንጋዩ በገጠጠበት ተዳፋት ሳይቀር ይበቅላል። ሙጫው የቅጠሉ ውኃ በፀሐይ ተኖ እንዳያልቅ ይጋርደዋል፤ ፍሬውን ነፋስ ይዘራዋል፤ ከብትም እምብዛም አይበላውም። ስለዚህ በተራቆተ መሬት ላይ ቀድሞ ደርሶ አፈር የሚይዝ ባለውለታ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ቅጠሉን ወቅጠው ቁስል ላይ ያደርጉ ነበር። ሊቃውንትም ጭማቂውን በቤተ ሙከራ ሲመረምሩ፥ ቁስልን የሚያመግሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እድገት እንደሚገታ አይተዋል። እንግዲህ የጥንቱ ልማድ ከንቱ አልነበረም ማለት ነው።

ነገር ግን በሳሕን ላይ ጀርም የገታ ሁሉ በሰው ገላ መድኃኒት አይሆንም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊንን ቢያገኝም፥ በኦክስፎርድ ሊቃውንት ተጣርቶ ለበሽተኛ በመርፌ የተሰጠው በ1941 ነው። መጠኑን፥ ንጽሕናውንና ጉዳቱን ለማወቅ ብዙ ድካም ጠይቋል። ለክትክታ ግን ይህን ያህል የታወቀ ልክ የለም፤ በአንድ እፍኝ ቅጠል ውስጥ ያለው ኃይል በሌላው ካለው ይለያያል።

ሌላም አደጋ አለ። ከመንገድ ዳር የተቀጠፈ ቅጠል አቧራ ይዞ ይመጣል፤ በአፈርና በፍግ ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ያድራል። ይህ ጀርም የፈላ ውኃ እንኳ በቀላሉ የማይገድለው ነው። ለማዳን የታሰበው ቅጠል ሞትን ሊያስገባ ይችላል።

ስለዚህ ልጃችሁ ቢቆስል አስቀድማችሁ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡለት። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፥ ከቆሸሸ፥ ቢያብጥ ወይም ትኩሳት ቢያመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ጠይቁ።

ክትክታውን ደግሞ ለማገዶ ከሥሩ አትንቀሉት። የተራራውን አፈር ይያዝ፤ ተመራማሪም ነገ ይፈልገዋልና።