ብቸኛው ቁጥርና የጥምቀት ማለዳ
ዛሬ ስለ አንድ ቁጥር እናውራ፤ 2,147,483,647። 31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝታችሁ ከውጤቱ 1 ስትቀንሱ ታገኙታላችሁ። ከ1ና ከራሱ በቀር ለማንኛውም ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈልም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው።

ይህን በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ ያኔ ዓይኖቹ ማየት ተስኗቸው ነበር። እስከ 46,340 ያሉትን አካፋዮች ሁሉ አልሞከረም። ሊያካፍሉት የሚችሉት ብቸኛ ቁጥሮች ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ መሆናቸውን አሳየ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይህ ብልሃት ነው።

ከ1970 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥሩ ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮችም ከዚህ ቁጥር አያልፉም። ቆጠራው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይሞላል።